የፖሊመር ኤሌክትሮላይት ፊልም ሠርቶ በትክክል መለካት፦ ግላቭ ቦክስ ለሌላችሁ የጎጃም ተማሪዎች

የፖሊመር ኤሌክትሮላይት ፊልማችሁ (አዮን የሚያስተላልፍ ስስ ፕላስቲክ) ደርቋል ብላችሁ አስተላላፊነቱን ለካችሁ። ቁጥሩ ከሚጠበቀው አሥር እጥፍ በልጦ መጣ፤ ደስ አላችሁ። በሳምንቱ ያንኑ ፊልም ስትደግሙት ሌላ ቁጥር ሰጣችሁ። እንዲህ ሲሆን ብዙዎች ማሽኑን ይወቅሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተለካው ፖሊመሩ ሳይሆን ከአየር የጠጣው ውሃ ነው።

ይህ መመሪያ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሆነው በአዮን አስተላላፊ ፖሊመር ላይ የመመረቂያ ሥራ ለሚሠሩ ነው። ግላቭ ቦክስ (አየርና እርጥበት የማይገባበት፣ በጓንት የሚሠራበት ሳጥን) የላችሁም፤ ቫኪዩም ኦቨንና የኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለ ተቃውሞ) መለኪያ ግን ታገኛላችሁ ብዬ ልነሳ። ፖሊመሩ ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ፒኢኦ እለዋለሁ። ጨዉ ሊቲየም ቲኤፍኤስአይ፣ ማሟሟያው አሴቶናይትራይል ነው።

ሳትነኩት በፊት ይህን እወቁ

ፒኢኦ ረጅም ሰንሰለት ነው። ከየሁለት ካርቦን በኋላ አንድ ኦክስጅን አለ። የሊቲየም አዮን እነዚህን ኦክስጅኖች ይፈልጋል፤ አምስት ስድስት የሚሆኑት ከበው ይይዙታል። ጨዉ ፖሊመሩ ውስጥ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። አዮኑ ከቦታ ቦታ የሚሄደው ሰንሰለቱ ራሱ ሲወዛወዝ ነው። አንዱ ኦክስጅን ሲለቀው ሌላው ይቀበለዋል። ሰንሰለቱ ካልተላወሰ አዮኑም አይላወስም።

ችግሩ ፒኢኦ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ተደርድሮ ክሪስታል መሆኑ ነው። አዮን በዋናነት የሚያልፈው ባልተደረደረው፣ አሞርፈስ በሚባለው ክፍል በኩል ነው። ክሪስታሉ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ጥሩ ደረቅ ፊልም በክፍል ሙቀት ከ10⁻⁶ እስከ 10⁻⁵ ሳይመንስ በሴንቲሜትር (የአስተላላፊነት መለኪያ) ይሰጣል። 80 ዲግሪ ላይ ደግሞ ወደ 10⁻³ ይጠጋል። ምንም ሌላ ነገር ሳትጨምሩበት በክፍል ሙቀት 10⁻⁴ ካያችሁ አትደሰቱ። መጀመሪያ ውሃን፣ ቀጥሎ ያልወጣ ማሟሟያን ጠርጥሩ።

ደረጃ 1፦ ወቅትና መብራት

1. ፊልም የማፍሰሱን ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ አድርጉት። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም አየር እርጥብ ነው፤ ጨዉን ከፍታችሁ እስክትመዝኑት እንኳ ውሃ ይጠጣል። ክረምቱን ለዳታ ትንተናና ለጽሑፍ አውሉት።
2. ክረምት ላይ መሥራት ግዴታ ከሆነ ቀኑ በጣም ደረቅ የሆነበትን ሰዓት ምረጡ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጡ። በየቀኑ ንባቡን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ በኋላ ለምን ይህ ፊልም ተለየ ስትሉ መልሱ እዚያ ይገኛል።
3. ዴሲኬተሩ (ዕቃ በደረቅ የሚቀመጥበት ግጥም ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ ያለውን እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል እዩ። ሰማያዊው ዓይነት ወደ ሮዝ ከተቀየረ ጠግቧል። 120 ዲግሪ ላይ ቀለሙ እስኪመለስ አድርቁት። የብዙ ላብራቶሪ ሲሊካ ጄል ሮዝ እንደሆነ ዓመት ይከርማል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።
4. መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ሥሩ። ቫኪዩም ፓምፕ በድንገት ሲቆም አየር፣ አንዳንዴም የፓምፕ ዘይት ወደ ኦቨኑ ሊመለስ ይችላል። ማታ ጥላችሁት የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ የኦቨኑን ቫልቭ ዝጉ፣ ቀጥላችሁ የፓምፑን ቱቦ ለአየር ክፈቱ፣ በመጨረሻ ፓምፑን አጥፉ። ቅደም ተከተሉ አይቀየር።

ደረጃ 2፦ ጥሬ ዕቃውን ማድረቅ

ፒኢኦውን በቫኪዩም 50 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ በላይ አታሙቁት። 65 ካለፈ ዱቄቱ ቀልጦ አንድ ድፍን ይሆንባችኋል፤ እሱን ማሟሟት ሌላ ፈተና ነው። ሊቲየም ቲኤፍኤስአይን ለብቻው በቫኪዩም 120 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አድርቁት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አንድ ኦቨን ውስጥ አትክተቱ፤ የሚፈልጉት ሙቀት አይገናኝም።

አሴቶናይትራይሉ ውስጥ የ3 አንግስትሮም ሞለኪዩላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ባለቀዳዳ እንክብል) ጨምራችሁ ሁለት ቀን አሳድሩት። ሲቩ ራሱ አስቀድሞ በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ መሆን አለበት። ከጠርሙስ የወጣ እርጥብ ሲቭ ምንም አያደርግላችሁም።

*የቫኪዩም ጌጁ ግራ እንዳያጋባችሁ።* መርፌው −0.1 ሜጋፓስካል ላይ አልደርስ ሲል ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው ጥገና የሚጠሩ አሉ። ብዙው የኦቨን ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቫኪዩም ብታገኙ እንኳ መርፌው −0.08 አካባቢ ይቆማል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከፍ ስለሚል −0.075 አካባቢ። ማኑዋሉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ፓምፑን ሳትፈቱ በፊት ይህን አስሉ።

ማስጠንቀቂያ

አሴቶናይትራይል በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ሳያናይድ ይለወጣል፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሥራው ሁሉ ፉም ሁድ (ትነትን ስቦ የሚያወጣ ካቢኔ) ውስጥ ይሁን። ሁዱ የማይስብ ከሆነ አትጀምሩ። አንዲት ቁራጭ ሶፍት አስጠግታችሁ መሳቡን እዩ። የጨርቅ ማስክ ትነቱን አያቆመውም። በዚያው ክፍል ስፒሪት ላምፕ አይለኮስ።

ስቶር ውስጥ ያገኛችሁት ሊቲየም ፐርክሎሬት ብቻ ከሆነ አማካሪያችሁን ሳታናግሩ አትንኩት። ፐርክሎሬት ብርቱ ኦክሲዳይዘር ነው። ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ደርቆ ሲሞቅ ወይም ሲፈጭ ሊፈነዳ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ስሌቱ

ጥምርታው የሚነገረው በኦክስጅንና በሊቲየም ቁጥር ነው። 20 ለ1 ጥሩ መነሻ ነው። ለ1 ግራም ፒኢኦ፦

1. የአንዱ ክፍል ሞላር ክብደት 44.05 ነው። 1 ሲካፈል ለ44.05 = 0.0227 ሞል ኦክስጅን።
2. ይህን ለ20 አካፍሉ፦ 0.001135 ሞል ሊቲየም።
3. በጨዉ ሞላር ክብደት፣ በ287.09 አባዙ፦ 0.326 ግራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፒኢኦውን ጠቅላላ ሞለኪዩላር ክብደት፣ ለምሳሌ 600,000ን፣ ይዞ ሲያሰላ ነው። ያ ቁጥር ለዚህ ስሌት አያስፈልግም። በክብደት መቶኛ ጀምራችሁ ከሆነም ወደ ጥምርታ ቀይሩት፤ አለበለዚያ ውጤታችሁን ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ማስተያየት አትችሉም።

ጨው በጨመርኩ ቁጥር አስተላላፊነቱ ይጨምራል ብላችሁም አትቁጠሩ። እስከ አንድ ደረጃ ይጨምራል። ከዚያ አዮኖቹ እርስ በርስ ይጣመራሉ፣ ሰንሰለቱም ይጠጥራል፣ ቁጥሩ ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ ማሟሟት

1. ጨዉን በፍጥነት መዝናችሁ በ25 ሚሊሊትር አሴቶናይትራይል ውስጥ አሟሙት። ጨው ይቅደም።
2. ማግኔቲክ ስተረሩን አስነሱና ፒኢኦውን በጥቂት በጥቂቱ በትኑበት። በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሆናል።
3. ክዳኑን ግጠሙ። 40 ዲግሪ ላይ ቀስ እያለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዙር።

ሲያልቅ ጥርት ብሎ የቀጭን ማር ያህል መወፈር አለበት። ጓል ከቀረ ሙቀት አትጨምሩ፤ ጊዜ ስጡት። አሴቶናይትራይል በባሕር ወለል 82 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን 75 አካባቢ ነው። የሆት ፕሌቱ ገጽ ደግሞ ስክሪኑ ከሚለው በላይ ሊሞቅ ይችላል። በፍጥነት ማዞርም አይጠቅምም፤ አረፋ ይፈጥራል፣ ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶችም ይበጥሳል።

ደረጃ 5፦ ማፍሰስ

ስተረሩን አጥፉና ፈሳሹን ክዳኑ እንደተገጠመ ለአንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። አረፋው በራሱ ይወጣል።

ዳያሜትሩ 9 ሴንቲሜትር የሆነ የቴፍሎን ዲሽ ውሰዱ። ብርጭቆ ላይ ካፈሰሳችሁ መላጡ ያስቸግራችኋል። የሁዱ ወለል ውሃ ልክ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያዘመመ ከሆነ አንዱ ጎን ወፍራም ሌላው ስስ ይወጣል። ከ25 ሚሊሊትሩ 15ቱን ካፈሰሳችሁ ወደ 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ፊልም ታገኛላችሁ። ሁሉንም ካፈሰሳችሁ ወደ 170 ይደርሳል።

አሁን ወሳኙ ነገር። ዲሹን ክፍት አትተዉት። ሰፊ ፈነል ደፍታችሁ ክደኑት፣ ወይም በመርፌ የተበሳሳ ፎይል አልብሱት። አሴቶናይትራይል ቶሎ ሲተን የፈሳሹን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛው ገጽ ላይ የአየሩ እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርድበታል። ፊልሙ ላይ ቦታ ቦታ ወተት የመሰለ ነጠብጣብ ያያችሁት ይህ ነው። ፊልሙ ሁሉ እኩል ጭጋግማ ከሆነ ግን አትደንግጡ፤ እሱ የፒኢኦው ክሪስታል ነው።

ደረጃ 6፦ ፊልሙን ማድረቅ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ተማሪው ይቸኩላል፤ ፊልሙ በእጅ ሲነካ ደርቋል፤ ስለዚህ ይለካል። በእጅ መድረቅ ምንም ማለት አይደለም።

1. ሁዱ ውስጥ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት ይቆይ።
2. ከዲሹ ላጡት። ጓንት አድርጉ፣ በጠፍጣፋ ቲዊዘር ከጠርዙ ጀምሩ። ከተጣበቀ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ስታወጡት ጠል ይይዛል። ጥቂት ሰዓት ዴሲኬተር ውስጥ አቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።
3. መዝኑት። ክብደቱን ጻፉ።
4. ቫኪዩም ኦቨን ውስጥ 50 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አቆዩት። ቴፍሎን ሉህ ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀት ላይ ይጣበቃል።
5. አውጥታችሁ ወዲያው መዝኑ። መልሱት። ከሌላ 24 ሰዓት በኋላ እንደገና መዝኑ።
6. ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል እስኪሆን ቀጥሉ። ያኔ ደርቋል በሉ።

መብራት ሄዶ ከሆነ የጠፋበትን ሰዓት ከ24ቱ ቀንሱ፤ ቆጠራውን ከሚዛኑ ጋር እንጂ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አታያይዙት። ፊልሙ ሳይደርቅ ወደ 80 ዲግሪ አውጥታችሁ ለማፋጠን አትሞክሩ። ይቀልጣል፣ ውስጡ የቀረው ማሟሟያ አረፋ ሆኖ ይነሳል፣ ፊልሙ ወንፊት ሆኖ ያርፈዋል።

ኤፍቲአይአር (የኢንፍራሬድ ስፔክትረም መለኪያ) ካላችሁ ተጠቀሙበት። 3,400 በሴንቲሜትር አካባቢ ሰፊ ጉብታ ካለ ውሃ አለ። 2,250 አካባቢ ቀጭን ጫፍ ካለ አሴቶናይትራይሉ አልወጣም። የጨዉን ከፖሊመሩ ጋር መያያዝ ለማየት ደግሞ 1,100 አካባቢ ያለውን የኤተር (የካርቦን-ኦክስጅን-ካርቦን ትስስር) ጫፍ ንጹሕ ፒኢኦ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቅርጹና ቦታው ይለወጣል። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ላይ 19 እና 23 ዲግሪ አካባቢ ያሉት የፒኢኦ ጫፎች ሲያንሱ ክሪስታሉ ቀንሷል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ሴሉን መግጠም

ሁለት የተወለወሉ የማይዝግ ብረት ዲስኮች ያስፈልጓችኋል። በአሴቶን አጥባችሁ አድርቋቸው። ፊልሙን በመሀላቸው አድርጉ። ሲሞቅ ፊልሙ ስለሚለሰልስ ብረቶቹ ጨፍልቀው ሊያቀጥኑት፣ እርስ በርስም ሊነካኩ ይችላሉ። ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ውፍረት ያለው የቴፍሎን ቀለበት ነው፤ ፊልሙ በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጥ። ስፋቱ ያኔ የቀዳዳው ስፋት እንጂ የብረቱ አይደለም።

ውፍረቱን ማይክሮሜትር በሚባለው መሣሪያ አምስት ቦታ ላይ ለኩ። ስትጨርሱም ሴሉን ፈትታችሁ ደግማችሁ ለኩ። የፊቱና የኋላው ከተራራቁ የኋላውን ያዙ።

ደረጃ 8፦ ኢምፔዳንስ

1. ገመዶቹን ያለ ፊልም ሁለቱን ብረት አገናኝታችሁ ለኩ። የሚመጣው የገመድ ሬዚስታንስ ነው፤ ከውጤቱ ይቀነሳል።
2. ፍሪክዌንሲውን ከ1 ሜጋኸርዝ እስከ 1 ኸርዝ፣ ቮልቴጁን 10 ሚሊቮልት አድርጉ።
3. ናይኲስት ግራፉን (የኢምፔዳንሱ ሪያል ክፍል በአግድም፣ ኢማጂነሪው በቁም የሚሳልበትን) ተመልከቱ። ሁለቱ አክሲስ እኩል ስኬል ይኑራቸው፤ ኤክሴል በራሱ ሲያወጣው ግማሽ ክቡ ጠፍጣፋ ይመስላል።
4. ግማሽ ክብ ካለ በስተቀኝ አግድሙን መስመር የሚነካበት ቦታ የፊልሙ ሬዚስታንስ ነው።

ግማሽ ክብ ጠፋብኝ የሚል ጥያቄ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ምንም አልተበላሸም። 50 ኪሎኦም ያለው ፊልም ላይ የክቡ አናት 35 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ ይታያል። ፊልሙ ሞቆ 500 ኦም ሲሆን ግን አናቱ ከ3 ሜጋኸርዝ በላይ ይሄዳል። መሣሪያችሁ እዚያ አይደርስም፤ የሚታየው ሽቅብ የወጣው ጭራ ብቻ ነው። ጭራውን ወደ ታች አስረዝማችሁ አግድሙን መስመር የሚነካበትን አንብቡ።

ስሌቱ አጭር ነው፦ ውፍረት ሲካፈል ለሬዚስታንስና ለስፋት ብዜት። ውፍረቱ 0.01 ሴንቲሜትር፣ የቀዳዳው ዳያሜትር 1.6 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 2.01 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በ500 ኦም 9.95 ሲባዛ በ10⁻⁶ ሳይመንስ በሴንቲሜትር ይመጣል። ማይክሮሜትርን ወደ ሴንቲሜትር መቀየር አትርሱ።

*ነጥቦቹ 50 ኸርዝ አካባቢ ከዘለሉ* የመብራት መስመር ጣልቃ ገብቷል። ሴሉን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡና ቆርቆሮውን ከመሣሪያው ግራውንድ ጋር አገናኙ። ቆርቆሮው ሴሉን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

*ጭራው በጣም ከተጋደመ* ፊልሙና ብረቱ በደንብ አልተገናኙም። ወደ 80 ዲግሪ አሙቃችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ለኩ።

*ሬዚስታንሱ ዜሮ ከሆነ* ብረቶቹ ተነካክተዋል። ፍቱትና ቀለበቱን እዩ።

ደረጃ 9፦ በሙቀት መለካት

መጀመሪያ 80 ላይ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ በየ10 ዲግሪው እያወረዳችሁ፣ በየደረጃው 30 ደቂቃ እየጠበቃችሁ ለኩ። ቴርሞሜትሩ ሴሉን ይንካ፤ የኦቨኑ ስክሪን የሚያሳየው የአየሩን ነው።

ሲወርድ የሚገኘው ቁጥር ሲወጣ ከሚገኘው ሊበልጥ ይችላል። የቀለጠ ፒኢኦ ተመልሶ ክሪስታል ለመሆን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በየትኛው አቅጣጫ እንደለካችሁ ጻፉ፤ ሁለቱን አማካይ አታድርጉ።

የአስተላላፊነቱ ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ግልባጭ (1/ኬልቪን) ጋር ሲሳል ግራፉ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሰበራል። በሁሉም ነጥብ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው አንድ አክቲቬሽን ኢነርጂ የሚያወጡ አሉ። ያ ቁጥር ትርጉም የለውም። ከመቅለጫው በታች አሬኒየስን (ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጠውን ቀመር) ተጠቀሙ፤ ከበላይ ግን ሰንሰለቱ ስለሚመራው መስመሩ ይጎብጣል፣ ቪቲኤፍ የሚባለው ቀመር ይስማማዋል።

ደረጃ 10፦ የሊቲየም ድርሻ

እስካሁን የለካችሁት የሁሉንም አዮን ድምር ነው። ሊቲየሙም ይሄዳል፣ አሉታዊው አዮንም ይሄዳል። ፒኢኦ ላይ የሊቲየሙ ድርሻ አነስተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ይገኛል። አሉታዊው አዮን በኦክስጅኖች ስላልታሰረ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል።

ይህን ድርሻ በብሩስና ቪንሰንት ዘዴ ለመለካት በሁለቱም በኩል የሊቲየም ብረት ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። የሊቲየም ብረት ደግሞ ግላቭ ቦክስ ይፈልጋል። ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት። በክፍት አየር ሊቲየም አትቁረጡ፤ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ገጹ ይበላሻል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

በማይዝግ ብረት መካከል ቋሚ ቮልቴጅ ሰጥታችሁ ከረንቱ ሲወርድ ካያችሁና ድርሻውን 0.98 ካገኛችሁ፣ ያ የዋግነር ዘዴ ነው። የሚነግራችሁ አዮኖች ባንድ ላይ ከኤሌክትሮን አንጻር ምን ያህል እንደሚሸከሙ ነው። ስለ ሊቲየም ለብቻው አይናገርም። መመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ «የሊቲየም ድርሻ 0.98» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፈታኛችሁ ከዚያች መስመር አይነቃነቅም። «አጠቃላይ የአዮን ድርሻ» ብላችሁ ጻፉት፤ የተጠቀማችሁበትን ቮልቴጅ፣ ከረንቱ እስኪረጋ የጠበቃችሁበትን ጊዜና የፊልሙን የመጨረሻ ሁለት ሚዛኖች ከጎኑ አስቀምጡ።